የሰው ነው የእህል? በበረራ ላይ የተገኘ ክልክል ፈሳሽ እንዴት ይያዛል

ከአውሮፓ ለእረፍት የሚመጡ የጅማ ልጆች በአንዳንድ አውሮፕላን ማረፊያዎች የውሃ ጠርሙሳቸውን ከነውሃው ይዘው ፍተሻ ማለፋቸውን ያወራሉ። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር «ፈሳሽ ተፈቀደ» ወደሚል አጠረ። እውነታው ከዚህ ጠበብ ያለ ነው። የሻንጣን ውስጥ ከየአቅጣጫው አገላብጠው የሚያሳዩ አዳዲስ መሣሪያዎች የተተከሉባቸው አንዳንድ የብሪታንያ አውሮፕላን ማረፊያዎች እስከ 2 ሊትር የሚይዝ ዕቃ ያሳልፋሉ። የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ በእጅ ሻንጣ የሚያዝ ፈሳሽ በአንድ ዕቃ ከ100 ሚሊ ሊትር አይብለጥ የሚለውን ገደብ ካላላ በኋላ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 2024 በጊዜያዊነት መልሶት ነበር፤ በ2025 ለተወሰኑ መሣሪያዎች ፈቃድ ሲሰጥ ነው እንደገና መላላት የጀመረው። በሌላው ዓለም የድሮው ገደብ በአብዛኛው እንዳለ ነው።

ከዚህ ወሬ ጎን የሚነሳው ሌላ ጥያቄ ግን ብዙም አልተብራራም። ክልክል ፈሳሽ ፍተሻውን አልፎ፣ አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ ቢታወቅ የበረራ ሠራተኞቹ ምን ያደርጋሉ? አንዳንዱ አውሮፕላኑ ወዲያው ያርፋል ብሎ ያስባል፤ ሌላው ጠርሙሱ ተቀምቶ ይጣላል ይላል። በአየር ላይ የሚጣልበት ቦታ የለም። ማረፍም ቢሆን ከብዙ ውሳኔዎች አንዱ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

አንድ ቃል፣ ሁለት ክልከላ

«ክልክል ፈሳሽ» በሚለው ስም ሁለት የተለያዩ ሕጎች ይምታታሉ። የመጀመሪያው የጸጥታ ሕግ ነው፤ የሚያየው መጠንን ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 11 ቀን 1994 ከፊሊፒንስ ወደ ቶኪዮ ይበር በነበረ አውሮፕላን ውስጥ በፈሳሽ ፈንጂ የተሠራ ቦምብ ፈንድቶ አንድ መንገደኛ ሞተ፤ አብራሪዎቹ የተጎዳውን አውሮፕላን ኦኪናዋ ላይ ማሳረፍ ቻሉ። ከዚያ እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 2006 የብሪታንያ ፖሊስ፣ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ የተሞላ ፈንጂ በብዙ አውሮፕላኖች ውስጥ ለማፈንዳት የተጠነሰሰ ሴራ ማክሸፉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ የ100 ሚሊ ሊትርና የአንድ ሊትር ግልጽ ከረጢት ደንብ ተወለደ። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ በምሕጻሩ አይካኦ፣ ደንቡን ለዓለም አቀፍ በረራዎች መክሯል፤ ለአገር ውስጥ ጉዞ ምን እንደሚፈቀድ እያንዳንዱ አገር ይወስናል። በዚህ የተነሳ በአንዱ ፍተሻ ያለፈ ዕቃ በሌላው ሊቀር ይችላል። ደንቡ ፈሳሽ የሚለው የሚፈስሰውን ብቻ አይደለም። ከጅማው ሒርማታ ገበያ የተገዛ ማር፣ የተነጠረ ቅቤ፣ የጸጉር ቅባት ሁሉ በዚሁ ስር ይወድቃል። እንደ ድንጋይ የረጋ ማር ይዞ «ይህ ደግሞ የት ይፈስሳል?» ብሎ የሚከራከር መንገደኛ ክርክሩ ምክንያታዊ ቢሆንም አይረታም።

ሁለተኛው የአደገኛ ዕቃዎች ሕግ ነው፤ የሚያየው ጠባይን ነው። ይነድዳል? ብረት ይበላል? ይመርዛል? በዚህ ሕግ ትንሽ ብልቃጥ ሜርኩሪ ከአንድ ጄሪካን ጸበል እጅግ ይከፋል። ሜርኩሪ አሉሚኒየምን ከዝገት የሚጠብቀውን ስስ ሽፋን አፍርሶ ብረቱን ይበላል፤ የአውሮፕላን አካል ደግሞ በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው። ስለዚህ በመያዣው ውስጥ ያለ አንድ አነስተኛ የትኩሳት መለኪያ ለግል አገልግሎት ሲፈቀድ ከዚያ ያለፈው አይፈቀድም። ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝ፣ አኳራጅ፣ የመኪና ባትሪ አሲድ፣ የተባይ ማጥፊያ በማንኛውም መጠን ክልክል ናቸው፤ በእጅም ሆነ በጭነት ሻንጣ። ከዑምራ የሚመለሱ የጅማ ሰዎች የሚያመጡት የዘምዘም ውሃ በሌላው ጫፍ ነው፤ በጠባዩ ምንም ጉዳት የለውም፣ ወደ ጭነት ክፍል የሚወርደው በመጠኑ ብቻ ነው።

አረቄ በሁለቱ ሕጎች መካከል ይገኛል። የአልኮል መጠኑ ከ24 እስከ 70 በመቶ የሆነ መጠጥ በሱቅ ማሸጊያው እስካለ ድረስ ለአንድ ሰው እስከ 5 ሊትር ይፈቀዳል፤ ከ70 በመቶ በላይ የሆነው ፈጽሞ አይፈቀድም። የቤት አረቄ በተለምዶ ከ70 በታች ነው፤ ችግሩ የሱቅ ማሸጊያ የሌለው መሆኑ ነው። በሃይላንድ ጠርሙስ የተሞላ ዳግም አረቄ መጠኑን የሚናገር ጽሑፍ የለበትም፤ ተቆጣጣሪው ያለው የባለቤቱ ቃል ብቻ ነው፤ ላለማመንም ምክንያት አለው።

ጠርሙሱ ለምን ያፈሳል?

በበረራ ላይ የሚታወቀው ፈሳሽ በብዛት የሚታወቀው በማፍሰሱ ነው። የጅማ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ቦሌ ደግሞ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። የመንገደኞች ክፍል የአየር ግፊት በረጅም በረራ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ባለ ከፍታ ላይ ካለው ግፊት ጋር ይስተካከላል። ጅማ ላይ የታሸገ ጠርሙስ እንግዲህ በውስጡ የጅማን አየር ይዞ ይወጣል። ውጪው እየሳሳ ሲሄድ ውስጡ ይነፋል። የፋብሪካ ክዳን ይችለዋል፤ ጅማ ላይ ጄሪካን ሲሸጥ እንደሚደረገው አፉ በፌስታል ተወትፎ በክዳን የተጠመዘዘ ዕቃ ግን በክዳኑ ዙሪያ ማላብ ይጀምራል። መጀመሪያ ሽታ ይመጣል፤ ቀጥሎ ከላይኛው የዕቃ ማስቀመጫ ጠርዝ ጠብ ይላል፤ ከስሩ የተቀመጠው ሰው ትከሻውን ዳሰስ አድርጎ ወደ ላይ ያያል። አስተናጋጇ የምትጠራው በዚህ ጊዜ ነው። (በተቃራኒው መንገድ፣ አዲስ አበባ ላይ የተከደነ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጅማ ሲደርስ ጎድጎድ ብሎ ይገኛል፤ ማንም ሊሞክረው ይችላል።)

የመጀመሪያው መሣሪያ ጥያቄ ነው

በጭነት ክፍል የሚሄድ አደገኛ ዕቃ ለካፒቴኑ በጽሑፍ ይነገረዋል። ወረቀቱ የዕቃውን ስም፣ መጠን፣ የተጫነበትን ቦታና የተባበሩት መንግሥታት የሰጠውን ባለአራት አሃዝ ቁጥር ይይዛል፤ ቤንዚን 1203፣ ነጭ ጋዝ 1223፣ ሜርኩሪ 2809። ቁጥሩ ሲታወቅ አይካኦ ለአብራሪዎች ያዘጋጀውን የአደጋ ጊዜ መመሪያ ከፍቶ ምን ዓይነት አደጋ እንዳለ ማንበብ ይቻላል። በመንገደኛ ሻንጣ ውስጥ ላለው ግን ወረቀት የለም። ወረቀቱ መንገደኛው ራሱ ነው።

የአስተናጋጆች የአሠራር ዝርዝር ለካፒቴኑ አሳውቅ ብሎ ወዲያው ዕቃውን ለይ የሚለው ለዚህ ነው። መለያው መንገድ ባለቤቱን መጠየቅ ነው። አደጋው ያለውም እዚሁ ነው፤ ሰውየው ባይዋሽም መልሱ ሊያሳስት ይችላል። በጅማ ዙሪያ ቡናና በቆሎ የሚያመርት ሰው በተባይ ላይ የሚረጨውን ኬሚካል የሚጠራው «መድኃኒት» ብሎ ነው። በአፋን ኦሮሞም «ቆሪቻ» የሚለው ቃል የሳል ሽሮፑንም የተባይ ማጥፊያውንም ሊጠራ ይችላል። አስተናጋጇ «ምንድን ነው?» ስትል «መድኃኒት ነው» ቢላት እውነቱን ነው፤ እርሷ ግን የሳል መድኃኒት መስሏት በባዶ እጇ ብታነሳው በቆዳ ውስጥ ዘልቆ የሚገባ መርዝ ነካች ማለት ነው። «የሰው ነው የእህል?» የምትለው ተከታይ ጥያቄ ከማንኛውም መሣሪያ ትበልጣለች። «ጋዝ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው፤ ነጭ ጋዝም ጋዝ ነው፣ የምድጃ ሲሊንደርም ጋዝ ነው። «ስፒሪት» ሲባል ደግሞ የቁስል ማጽጃ ይሁን ሌላ፣ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የስም ጉዳይ ምን ያህል ክብደት እንዳለው የሚያሳይ አሮጌ አደጋ አለ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1973 ከኒው ዮርክ ወደ ስኮትላንድ የተነሳ የፓን አም የጭነት አውሮፕላን ጭስ ገብቶበት ወደ ቦስተን ዞረ፤ ሊያርፍ ሲል ተከስክሶ ሦስቱም የበረራ ሠራተኞች ሞቱ። በጭነቱ ውስጥ ናይትሪክ አሲድ የያዙ ጠርሙሶች ነበሩ፤ የታሸጉት በእንጨት ብናኝ ነበር። መርማሪዎቹ የጭሱ ምንጭ ያፈሰሰው አሲድ ከብናኙ ጋር መገናኘቱ ሳይሆን አይቀርም ብለው ደመደሙ። ውሃ ወይም ማር ቢሆን ብናኙ መጥጦ ዝም ያሰኘው ነበር። ናይትሪክ አሲድ ሲሆን ግን መጣጩ ራሱ ማገዶ ሆነ። ስሙን ሳያውቁ ማጽዳት ምን ሊያመጣ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ መፈለግ አያሻም።

ጓንት፣ ፌስታልና እርጥብ ፎጣ

ስሙ ታወቀም አልታወቀም፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ ውስብስብ ማሽን አይጠይቅም። ብዙ አየር መንገዶች ለዚህ የተዘጋጀ ሣጥን አላቸው፤ የላስቲክ ጓንትና ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢት ይገኙበታል። ሣጥኑ ከሌለ በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው ይበቃል። የምድጃ ጓንት፣ የመቀመጫ ራስጌ ጨርቅ፣ ጋዜጣ፣ የማስታወኪያ ከረጢት። መንገደኞች ከአካባቢው ይነሳሉ፤ አፍንጫቸውንና አፋቸውን የሚሸፍኑበት እርጥብ ፎጣ ይታደላቸዋል። ማዕድ ላይ የምናውቀው ያ ፎጣ እዚህ ላይ የአተነፋፈስ መከላከያ ይሆናል። አስተናጋጆቹ ራሳቸው ጭስ መከላከያ ጭምብልና ተንቀሳቃሽ ኦክስጅን አላቸው።

በትልልቅ ጄቶች ከጣሪያ የሚወርደው የመንገደኞች የኦክስጅን ጭምብል ለምን አይለቀቅም የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሳል። ያ ጭምብል የተሠራው አየር ሲሳሳ ኦክስጅን እንዲጨምር ነው፤ የክፍሉን አየር በጎን ቀዳዳዎቹ እየሳበ ይቀላቅላል። ክፍሉ በጭስ ወይም በእንፋሎት ከተበከለ የተበከለውንም ይስባል። ጭሱን የሚያግድ ይመስላል እንጂ አያግድም።

ዕቃው አፉ ወደ ላይ ሆኖ ከረጢት ውስጥ ይገባል፤ ከረጢቱ ተጠምዝዞ ይታሰራል፤ ያም በሌላ ከረጢት ይገባል። ከዚያ ከአብራሪዎቹ ክፍል እጅግ ወደራቀው መጸዳጃ ቤት ተወስዶ፣ ከግድግዳ ጋር ሳይነካካ፣ እንዳይገለበጥ ተደግፎ ይቀመጣል። የግድግዳው ማስጠንቀቂያ ትርፍ ጥንቃቄ አይደለም፤ ከግድግዳው ወዲያ ያለው የአውሮፕላኑ ቆዳ ነው። የተነካው የመቀመጫ ልብስም በዚሁ ዓይነት ይታሸጋል። ምንጣፉ ላይ የፈሰሰው ይሸፈናል፤ በየጊዜው እየተጎበኘ።

እጅ ቶሎ የሚሄድበት ነገር ውሃ ነው፤ መመሪያው ግን የፈሰሰ አደገኛ ነገር ላይ ውሃ አይፈስስም ይላል። ውሃ ፈሳሹን ወደ ወለሉ ስር፣ ወደ ሽቦዎቹ ሊያሰፋው ወይም እንፋሎቱን ሊያበዛው ይችላል። ሌላው ሊታሰብ የሚገባው የሁለት ፈሳሾች መገናኘት ነው። በረኪና አሲድ ካለበት የመጸዳጃ ማጽጃ ጋር ሲቀላቀል ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ሁለት መንገደኞች ለየብቻ የያዟቸው ሁለት ጠርሙሶች አንድ የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ጎን ለጎን ሊውሉ እንደሚችሉ ማሰብ ይከብዳል፤ ግን ይቻላል።

ይህን ሁሉ የሚሠሩት ስንት ሰዎች ናቸው? የተለመደው መለኪያ ለ50 መቀመጫ ቢያንስ አንድ አስተናጋጅ ነው። በጅማ መስመር ብዙ ጊዜ የሚታየው ባለፕሮፔለር ዳሽ 8 ኪው 400 ከ70 በላይ መቀመጫ አለው። በዚህ መለኪያ የግድ የሚያስፈልጉት ሁለት ናቸው። አንዷ ጓንት ስታጠልቅ ሌላዋ ለካፒቴኑ ታወራለች፣ መንገደኛ ታነሳለች፣ ፎጣ ታድላለች። ጉዞው በሙሉ ከአንድ ሰዓት ስለማይበልጥ ችግሩ ሲታወቅ ለመውረድ የቀረው ጥቂት ደቂቃ ሊሆን ይችላል።

የካፒቴኑ ውሳኔ

ካፒቴኑ የሚያመዛዝነው ሦስት ነገር ነው። ፈሳሹ ምንድን ነው፣ እየተስፋፋ ነው ወይስ ታስሯል፣ የሚያርፍበት ቦታ ስንት ደቂቃ ይቀራል። የአየር ማናፈሻውን ወደ ከፍተኛው ያደርጋል። በጄቶች የመንገደኞች ክፍል አየር በየሁለትና ሦስት ደቂቃው የሚታደስ በመሆኑ ይህ ቀላል እርምጃ ብዙ ሽታ ያጠፋል። የአየር ማጣሪያዎቹ ግን አቧራና ጀርምን እንጂ የቤንዚን እንፋሎትን አይዙም። የሚነድድ ነገር ከሆነ በአካባቢው ያለው አላስፈላጊ ኤሌክትሪክ ይጠፋል፤ አንዲት ብልጭታ ትበቃለችና። ቤንዚን ከዜሮ በታች በሆነ ቅዝቃዜ እንኳ የሚቀጣጠል እንፋሎት ይሰጣል። ነጭ ጋዝ ለዚህ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ሁለቱም ክልክል ናቸው፤ ለካፒቴኑ ግን አንድ አይደሉም።

ወደ ኋላ መመለስ ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም። ከጅማና ከአዲስ አበባ እኩሌታ ላይ ላለ አውሮፕላን ሁለቱም እኩል ይርቃሉ፤ እዚያ ላይ የእሳት አደጋ አቅም፣ የአየር ጠባይና የማኮብኮቢያው ርዝመት ይወስናሉ። ፈሳሹ ታስሮ፣ ሽታው ጠፍቶ፣ የታመመ ሰው ከሌለ ጉዞው ይቀጥላል። መንገደኛው ምንም እንዳልሆነ ያስባል። ካፒቴኑ ግን በሬዲዮ ለአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው የፈሳሹን ስም፣ ግምታዊ መጠንና ያለበትን ቦታ አስታውቋል፤ መሬት ላይ የሚጠብቁት ሰዎች ምን ይዘው መምጣት እንዳለባቸው የሚያውቁት ከዚያ ነው።

ፈንጂ ቢጠረጠር መንገዱ ሌላ ነው። እዚያ ላይ የሚሻለው አለመነካካት ነው፤ የግድ መነሳት ካለበት ግን ለእያንዳንዱ የአውሮፕላን ዓይነት አምራቹ «አነስተኛ ጉዳት የሚያደርስበት ቦታ» ብሎ የለየው ስፍራ አለ፤ ካፒቴኑም ዝቅ ብሎ በመብረር በውስጥና በውጭ ግፊት መካከል ያለውን ልዩነት ይቀንሳል። ልዩነቱ ሲያንስ ቢፈነዳ እንኳ ቀዳዳው የመስፋት ኃይሉ ያንሳል። የራስን አረቄ አውጥቶ የሚጠጣ መንገደኛ ደግሞ ከሁሉም የቀለለው ነው፤ በብዙ አገሮች ከአየር መንገዱ ያልተቀዳ አልኮል መጠጣት ክልክል በመሆኑ አስተናጋጇ እንዲያስቀምጠው ትጠይቀዋለች፣ እስከ ማረፍ ድረስ ልትይዝለትም ትችላለች፤ እምቢ ካለ ጉዳዩ ከፈሳሽነት ወጥቶ የሥርዓት ጉዳይ ይሆናል።

ይቀጣ ወይስ ይማር?

በዚህ ላይ አስተያየቶች ይለያያሉ። አንዱ ወገን ቅጣት ካልጠነከረ ሰው አይማርም ይላል። አንድ ጠርሙስ ባትሪ አሲድ የ70 ሰው ሕይወት ላይ የተጣለ ዕጣ በመሆኑ ክርክሩ ቀላል አይደለም። በተለይ ማስጠንቀቂያውን አይቶ፣ ተጠይቆ፣ «የለኝም» ብሎ የፈረመን ሰው መቅጣት ፍትሐዊ ነው።

ሌላው ወገን አቪዬሽን ራሱ ያዳበረውን «ፍትሐዊ ባህል» የሚባል መርሕ ያነሳል። ትርጉሙ፣ በቅንነት የተሳሳተ ሰው ስሕተቱን ቢናገር አይቀጣም፣ ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ያጠፋ ግን ይጠየቃል ማለት ነው። መርሑ የተቀረጸው ለአብራሪዎች፣ ለጥገና ሠራተኞችና ለመሳሰሉት ባለሙያዎች ነው። ለመንገደኛ ግን ከማንም በላይ ይሠራል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም መረጃው ያለው በእርሱ እጅ ነው። አውሮፕላን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ፖሊስ ይጠብቅሃል የተባለ ሰው «ቤንዚን ነው» ይላል ወይስ «ውሃ ነው»? ቅጣቱ መሬት ላይ ይጠብቅ ይሆናል፤ አየር ላይ ያለች አስተናጋጅ ግን ጥፋተኛ ሳይሆን የፈሳሽ ስም ነው የምትፈልገው። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አባቴ፣ ምን እንደሆነ ብቻ ይንገሩኝ» ማለቷ ትሕትና ብቻ አይደለም።

የ100 ሚሊ ሊትሩ ደንብ ራሱም ተቺ አያጣም። መጠንን መገደብ ይዘትን አያጣራም፤ ማር ሲያስጥል የዋለ ፍተሻ የሚያሳልፈው ነገር አይታወቅም ይላሉ። ደጋፊዎቹ ማነስ ራሱ ጉዳትን ይቀንሳል ብለው ይመልሳሉ። አዲሶቹ መሣሪያዎች ይዘትን ወደማየት ስለሚቀርቡ ይህ ክርክር ከጊዜ በኋላ ሊበርድ ይችላል። የአደገኛ ዕቃዎቹ ክልከላ ግን ከመሣሪያ ጋር አይላላም፤ መሣሪያ የተሻለ ስላየው ቤንዚን መንደዱን አይተውም።

ካረፈ በኋላ

አውሮፕላኑ ሲያርፍ ከረጢቱን የሚያነሱት አስተናጋጆቹ አይደሉም። ለመሬት ሠራተኞች ቦታውን ያሳያሉ፣ የሰሙትን ስም ይናገራሉ። ካፒቴኑ በጥገና መዝገቡ ላይ የትኛው መቀመጫ፣ የትኛው የወለል ክፍል እንደተነካ ይጽፋል። ያልተገለጸ አደገኛ ዕቃ መገኘቱ ለሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሪፖርት ይደረጋል፤ ስለ አደገኛ ዕቃዎች የሚደነግገው የአይካኦ አባሪ 18 ይህን ይጠይቃል። ውሃ ወይም ማር ከሆነ ወለሉ ተጠርጎ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። አሲድ ወይም ሜርኩሪ ከሆነ ቴክኒሺያኖች መቀመጫውን ነቅለው፣ ምንጣፉን ገልጠው፣ የወለሉን ሰሌዳ አንስተው ከስሩ ያለውን ብረት በባትሪ መብራት ይፈትሻሉ፤ ያ እስኪያልቅ አውሮፕላኑ አይነሳም። ያው አውሮፕላን ከሰዓት በኋላ ወደ ጅማ ይመለስ ከነበረ፣ ትኬት ይዘው ቦሌ የተቀመጡት መንገደኞች የሚሰሙት «በቴክኒክ ምክንያት ዘግይቷል» የሚለውን ማስታወቂያ ነው።